ውሃ ያልተሞላች ጀልባ

ሰኞ

ነፋሱ በርትቷል። ሐይቁ ላይ የሚሠሩት ጀልባዎች በሙሉ እንደ ወትሮው ወደ ደረቅ መሬት ወጥተዋል፤ ነፋሱ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ማዶ የሚሻገር የለም። የአማቼ አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባም ዛሬ በጋሪ ተጭና መጥታ፣ እኔ ካለሁበት የጓሮ ክፍል መስኮት ፊት ለፊት በወፋፍራም እንጨቶች ላይ ተቀምጣለች። መጋረጃዬን ስገልጥ ከሰማይ አስቀድማ የምትታየኝ እርሷ ናት።

ራት ላይ አማቼ፣ «አምና ትንሽ ታስገባ ነበር፤ ዘንድሮም ሬንጅ ቀብቼ አሳልፋታለሁ» አለ። ታስገባ ነበር ያለው ውሃ ማለቱ ነው። ይህ ሰው ተሳቢ የሚባለውን ነገር ከአፉ ካባረረው ቆይቷል። ልጄ እንዲህ ያለውን ሰው ስታገባ እኔ አልከለከልሁም፤ ዝም ነው ያልሁ። ዝምታዬ ምን እንደሚል ግን ሁለቱም ገብቷቸው ነበር።

«እኔ እጠግናታለሁ» አልሁ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ልጄ፣ «ይደክምዎታል አባባ፤ ደግሞ ለርስዎ የሚሆን ሥራም አይደለም» አለች። ደስ አላሰኘኝም። እናቷ ካረፈችና ቤቴን ለቅቄ እዚህ ከገባሁ ወዲህ እንደ ታማሚ ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን ማንቆርቆሪያ ምድጃ ላይ ጥጄ ረስቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ምድጃው በቀረብሁ ቁጥር ከኋላዬ ኮቴ እሰማለሁ።

ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት በአራሚነት አሳልፌ የአራሚዎች ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። የሌላ ሰው ስሕተት ፈልጎ ማግኘት የማውቀው ሥራ ነው። የጀልባ ቀዳዳስ ከዚያ በምን ይለያል? ይህ ቤት የሚተዳደረው ልጄ በክሊኒኩ ካርድ ክፍል በምትሠራው ሥራና በዚህች ጀልባ ነው። እኔ የምበላውም ከዚያው ነው። ስለዚህ ልጠግናት ይገባኛል።

ረቡዕ

ሙሉ ቀን መረመርኋት። አካሏ ስስ የአሉሚኒየም ሉህ ነው፤ ሉሆቹ ጫፍ ለጫፍ ተደራርበው በሪቬት ተያይዘዋል። ሪቬት ራስ ያለው አጭር ዘንግ ሲሆን፣ በቀዳዳው ካለፈ በኋላ ሌላው ጫፉ ተቀጥቅጦ ይደፈጠጣል፤ ሁለቱን ሉህ እንደ ልብስ ቁልፍ ጨምድዶ ይይዛል። ማዕበል ሲመታው ከርሞ ይላላል፤ ውሃውም በዙሪያው ይሾልካል። ሲያዩት ግን ጤነኛ ይመስላል። አማቼ በየዓመቱ የለቀለቀው ሬንጅ በየቦታው ደርቆ፣ ቀለም እንደ ተደፋበት የችኩል ተማሪ ደብተር አድርጓታል።

ከሣጥኔ አንዲት ትንሽ የጥገና መጽሐፍ አወጣሁ። ድሮ በእኛው ማተሚያ ቤት የታተመች ናት፤ ያረምኋትም እኔው ነኝ። ያኔ ነጠብጣቡንና ሰረዙን እንጂ ነገሩን አላነበብሁም ነበር። ዛሬ ነገሩን አነበብሁ። ጀልባይቱን በደረቅ መሬት ላይ ከሥር በደንብ ደግፎ በውስጧ ውሃ መሙላት ነው። ውሃው ወደ ውጭ ባንጠባጠበበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ ውሃው ይደፋል፤ ምልክት ያለበት ሪቬት ይጠብቃል ወይም ይለወጣል። እንዴት ያለ ግልጽ አሠራር ነው!

ራት ላይ አስረዳኋቸው። አማቼ ማንኪያውን አስቀምጦ ሳቀ። «አባባ፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን በጣሳ ስንጨልፍ የኖርነውን ውሃ እርስዎ መልሰው ሊሞሉት ነው?» ልጄም አፏን በእጇ ሸፈነች። ኋላ ፊቴን አይቶ፣ «ይሁን እንግዲህ፣ መጽሐፍ ካለው አለው ነው» አለ።

ዓርብ

የውሃውን ጎማ ከቧንቧው አገናኝቼ እስከ ጀልባዋ ጎተትሁት። ግቢያችን የታጠረው በሽቦ ነው፤ ከሽቦው ማዶ ሱቅ አለ፤ ባለሱቋ ደንበኞቿን ደጃፏ ላይ አስቀምጣ የመንደሩን ወሬ የምታጣራበት ነው።

ጎማውን ጀልባዋ ውስጥ ልጨምር ስል ወሬው ቀጥ አለ። ጠመኔ የረሳሁ መስዬ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። መስኮቱ ክፍት ነበርና ሰማሁ።

«ሰሞኑን ለብቻቸው ያወራሉ ልበል?»

«ኧረ ተይ፣ የተማሩ ሰው ናቸው።»

«የተማረ አይጃጅም ያለሽ ማነው?»

ለብቻዬ አላወራም። ስሠራ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማንበብ ልማድ አለኝ፤ የሙያ ልማድ ነው። ጎማውን ጠቅልዬ አስገባሁ። አንድ ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ ጀልባ ውስጥ ውሃ ሲያንቆረቁር ቢያዩት ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ልጄ ጆሮ ደግሞ ሳይውል ይደርሳል። ሱቁ በሚዘጋበት ሰዓት ይሻላል።

እሑድ

ሱቁ አልተዘጋም። ሌላ ቀን።

ማክሰኞ

አሰብሁበት። መጽሐፉ የተጻፈው ለሁሉም ዐይነት ሰው ነው፤ የሠለጠነ ዐይን ለሌለው ሰው ጭምር። በርካታ አንባቢ ያላያትን አንዲት የተዘለለች ፊደል ከገጽ መካከል ነቅሼ አወጣ የነበርሁ ሰው፣ የላላ ሪቬት በዐይኔና በጣቴ መለየት እንዴት ያቅተኛል? ውሃው ለማረጋገጫ ያህል ነው። በመጨረሻ ይደረሳል።

ሐሙስ፣ ማታ

ከማክሰኞ ወዲህ ያፈሰስሁት ጉልበት ከጡረታ ወዲህ ካፈሰስሁት ሁሉ ይበልጣል። ሬንጁን ፍቄ አነሣሁ፤ መጋጠሚያዎቹን በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። የሚነቃነቁትን ሪቬቶች አንድ በአንድ ቀጠቀጥሁ። ሥራው ለሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከውጭ በኩል በሪቬቱ ራስ ላይ ከባድ ብረት ይደግፋል፣ ሌላው ከውስጥ ይመታል። እኔ ብረቱን በድንጋይ አስደግፌ ብቻዬን ተወጣሁት። ከዚያ በየመጋጠሚያው ሲሊኮን የሚባለውን ማሸጊያ አስገባሁ፤ ቀለምም ቀባሁ።

የመካከለኛውን መቀመጫ ግን ማንሣት አልቻልሁም፤ ብሎኖቹ ተጣብቀዋል። ከሥሩ ያሉትን ሪቬቶች በመላጫ መስታወቴ አየኋቸው። ደኅና ይመስላሉ። ደኅና ናቸው።

ቅዳሜ

ቀለሙ ደርቋል። አማቼ ነፋሱ እስኪያልፍ በአንድ ጋራዥ የቀን ሥራ ይዟል፤ ከዚያ ሲመለስ ጀልባዋን ዞሮ ዞሮ በእጁ ዳበሳት። «አባባ፣ ሙሽራ አደረጓት እኮ!» አለ። ደስ አለኝ፤ ለመደበቅም አልቻልሁም።

ከዚያ፣ «ውሃ ሞልተው አይተዋታል አይደል?» ሲል ጠየቀኝ።

ልጄ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሱቁ ደጃፍም ሰው አልጠፋም።

«አይቻታለሁ» አልሁ።

አማቼ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬቱን አየ። ሲያነጋግሩት ዐይን ለዐይን አለማየት የዚህ ሰው የቆየ ጉድለት ነው። «ደግ» ብሎ እጁን ሊታጠብ ገባ።

አይቻታለሁ ማለቴ ሐሰት አይደለም። ለሳምንታት ከእርሷ በቀር ያየሁት ነገር የለም።

ሰኞ

ነፋሱ አረፈ። ጀልባዋ ውሃ ገባች። መሻገሪያው ድረስ በምርኩዜ ሄድሁ። አንዲት የተማሪ ልብስ የምትሰፋ ሴት ጓዟን ተሸክማ ቆማ ነበር፤ ስታየኝ ለጓደኛዋ፣ «ነጠላ ሰረዝ መጡ፣ ቦታ ልቀቂ» አለች። ስሄድ ጎንበስ ስለምልና ቶሎ ቶሎ ስለማርፍ ያወጡልኝ ስም መሆኑ ነው። እንዳልሰማ ሆንሁ።

አማቼ ጥቂት ሰው ብቻ ጭኖ ዳር ዳሩን ይዞ ሄደ። ሌሎቹ በቀጥታ ሲያቋርጡ እርሱ እንደ ጀማሪ ዳሩን ሙጥኝ ማለቱ አሳፈረኝ። ጣሳም ደርድሯል። «የማታፈስስ ጀልባ ላይ ጣሳ ምን ይሠራል?» ብለው፣ «ልማድ ሆኖብኝ ነው አባባ» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ቀትር

ጀልባዋ ውሃ ሞላች። መካከል ላይ። ሰው አልሞተም አሉ። ልጄ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ሮጣለች። ምርኩዜን አጣሁት።

ቅዳሜ፣ ማታ

የሰማሁትንና ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ዛሬ ማዶ ገበያ ነበር። በነፋሱ ምክንያት ታግዶ የከረመ ሰው ሁሉ በጠዋት ወጣ፤ የአማቼ ጀልባ እንደ ቀረበች ዘለው ገቡባት። መካከል ሲደርሱ እግራቸው ረጠበ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። በጣሳ ጨለፉ፤ ጣሳ ያላገኘ በጫማው ጨለፈ። ሌላ ጀልባ ደርሶ ሰዎቹን ወሰዳቸው። የዚያች የልብስ ሰፊ የተማሪ ልብስ በሙሉ ዘይት በተቀላቀለበት ውሃ ተነክሮ ወጣ።

እኔ መሻገሪያው ላይ ስደርስ አማቼን ከበውት ነበር።

«ጠጥቶ ነው! ዐይኑን እዩት!»

«በማስቲካ ነው የደፈናት!»

«ልጆቼን ወላጅ አልባ ልታደርጋቸው ነበር!» ይህችኛዋ ሰፊዋ ነበረች፤ ጡጫዋን ደረቱ ላይ አሳረፈች።

እርሱ ከእግር እስከ ራሱ ረጥቦ ቆሟል። «ድንጋይ ነክቶኝ ነው» አለ። የመሻገሪያው ኃላፊ መጥቶ፣ ከአሁን በኋላ ሰው እንዳይጭን ከለከለው። እኔ ከሰዉ በስተኋላ ነበርሁ። ማንም የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር።

ቤት ስንገባ ልጄ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ጀመረች።

«አባባ ሞልተው አይተዋታል። አባባ አየሁ ካሉ፣ አዩ ነው! ድንጋዩን የት አገኘኸው?»

«እዛ፣ መሃል ላይ።»

«መሃል ላይ ድንጋይ አለ እንዴ?»

«አለ እንግዲህ።»

«እንግዲህ? እንግዲህ ነው የምትለኝ?»

እኔ በክፍሌ ውስጥ ነበርሁ። ሳል አሳለኝ። ወጥቼ ልናገር ስል ጸጥ አሉ፤ ስለዚህ ተውሁት።

እሑድ

ድንጋይ መሆኑ የሚቻል ነገር ነው። የሐይቁ ውሃ ዘንድሮ ቀንሷል ሲባል ሰምቻለሁ።

ማክሰኞ

ጀልባዋን መልሰው ወደ ጓሮ አመጧት። መጋረጃዬን አልገለጥሁም።

ሐሙስ

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሻይ ይዛልኝ ገባች፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲህ አልተቀመጠችም።

«አባባ፣ ያኔ ልክ ነበሩ» አለች።

«በምኑ?»

«በሱ።»

ከክሊኒኩ አጠገብ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች አይታለች። «እኔና እርስዎ እንገባለን። መጽሐፍዎን ሁሉ የሚችል መደርደሪያ አለው።» አማቼ ከቅዳሜ ወዲህ የሚያድረው ሳሎን ወንበር ላይ ነው፤ አብረው አይበሉም። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ደርቆ ነበር።

ለመናገር ምቹው ጊዜ ይህ ነበር። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ ሰው የለም፤ ሻዩ ይሞቃል። እኔ ግን የጠየቅኋት፣ መስኮቱ በጠዋት ፀሐይ ያገኝ እንደ ሆነ ነው።

ዓርብ

ስለ መስኮቱ ለምን ጠየቅሁ?

ቅዳሜ

መጋረጃውን ገለጥሁ። ወጥቼ ከጀልባዋ ሥር በጉልበቴ ተንበርክኬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኋት። የጎደጎደ የለም፤ የተጫረም የለም። ምንም ድንጋይ አልነካትም። ይህን ከዛሬ በፊት ማየት እችል ነበር።

ከሥሯ ተጨማሪ እንጨት ደገፍሁና ጎማውን ጎትቼ ውስጧ ጨመርሁት። ቧንቧውን ከፈትሁ። አሉሚኒየም ባዶ ሲሆን ውሃ ሲወርድበት እንዴት እንደሚጮኽ አላውቅም ነበር፤ መንደሩን በሙሉ የጠራሁ መሰለኝ።

«አባባ!» አለች ባለሱቋ ከሽቦው ማዶ። «ጀልባዋን እያጠጧት ነው? ትበቅላለች እንዴ?»

ደጃፏ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። «ቀዳዳ እየፈለግሁ ነው» አልሁ። «ውሃው በሚያንጠባጥብበት በኩል ይታወቃል።»

ትንሽ አሰበች። «አሃ። ልክ እንደ ባልዲ» አለችና ሱቋን ትታ የምትቀመጥበትን ዱካ ይዛ ወደ ሽቦው ቀረበች። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ይልቁንም እርሷ ራሷ፣ «ይቺውና አንዷ! ከግራ በኩል! ኧረ አባባ፣ ፈጠን ይበሉ፣ ሌላም አለች!» እያለች ጮኸችብኝ። ደንበኛ መጥቶ ስኳር ቢጠይቃት፣ «ቆይ አንዴ፣ ጀልባ እያየን ነው» አለችው።

እኔ የጠገንኋቸው ጥቂት ያንጠባጥባሉ። ከመካከለኛው መቀመጫ ሥር ያሉት፣ በመስታወት አይቼ ደኅና ናቸው ያልኋቸው፣ በረድፍ ይፈስሳሉ። በጠመኔ ከበብኋቸው።

ሁሉ ነገር ከምሳ በፊት አለቀ። ከምሳ በፊት! ይህን ያህል ጊዜ ብቻ ነበር የሚፈጀው። እኔ የፈራሁት ሳቅ ደግሞ ጎማውን ለመጎተት የፈጀብኝን ያህል እንኳ አልቆየም።

እሑድ፣ ማታ

አማቼ ጠዋት ሳልጠራው መጣ። የጠመኔውን ክብ በዝምታ አየው። መጋዝ አምጥቶ የመቀመጫውን ብሎኖች ቆረጠና መቀመጫውን አነሣ። ከዚያ ከባዱን ብረት ይዞ ከጀልባዋ ሥር ገብቶ በጀርባው ተኛ፤ እኔ መዶሻ ይዤ ከላይ፣ ከውስጥ ገባሁ። የላላው ይወጣል፤ አዲሱ ይገባል፤ እርሱ የሪቬቱን ራስ ይደግፋል፤ እኔ ጫፉን እመታለሁ። በመካከላችን ያለው ያ ስስ ሉህ ነው፤ አንተያይም።

«ይሄ ጭቃ ጀርባዬን ጨረሰው» አለ ከታች።

«ምንጣፍ ላምጣልህ?»

«ግዴለም፣ ይምቱ።»

ጥቂት እንደ ሠራን፣ «ያን ቀን ደረቅ ነበር» አለ።

መዶሻዬን አወረድሁ። «የቱን ቀን?»

«ሞልቼ አይቻታለሁ ያሉኝ ቀን። እስዋን የምታክል ጀልባ ተሞልታ ከፈሰሰች ግቢው ስንት ቀን ነው የሚጨቀየው! አቧራ ነበር እኮ አባባ። የዶሮ እግር ዱካ ይታይበት ነበር።»

ለካ ዐይን ለዐይን አያይም ያልሁት ሰው ያን ዕለት መሬቱን እያነበበ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ወቀሳ ሆነ።

«ካወቅህ ታዲያ ሰው ለምን ጫንህ?»

«ምን ልበል? ልጅዎ ፊት፣ ዋሽተዋል ልበልዎት?» ብረቱ ከታች ተንኳኳ፤ እጁን ቀየረ መሰለኝ። «ይሉኝታ ያዘኝ። ነገ እኔው ሞልቼ አያታለሁ አልኩ፤ ደግሞ ካዩኝ አላመነኝም ይላሉ ብዬ ተውኩት። ዳር ዳሩን እሄዳለሁ፣ ጣሳ እይዛለሁ፣ ጥቂት ጥቂት እጭናለሁ አልኩ። የገበያው ቀን ግን ዘለው ገቡ። ውረዱ ብላቸው ለምን ይሉኛል። ለምን ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

«ድንጋዩስ?»

«የምን ድንጋይ?» አለ። የሳቀ መሰለኝ። «ይምቱ አባባ፣ እጄ ዛለ።»

መታሁ። ያን ሪቬት ከሚገባው በላይ ሳልመታው አልቀርም።

ጥፋቱ የእርሱም ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ አለበትም። የሰው ሕይወት ጭኖ ይሉኝታ አይያዝም። ነገር ግን እኔ የባለሱቋን ሳቅ ፈርቼ ውሃ መሙላቱን አስቀረሁ፤ እርሱ ለእኔ ክብር ሲል ተወው። እርሱ ስድቡንም ጡጫውንም ተቀበለ። እኔ ምን ተቀበልሁ? ሻይ።

ሠርተን ስንጨርስ፣ «ለእርሷ ንገራት» አልሁት።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይሄን እንኳን እኔ አልነግራትም» አለ። «የርስዎ ነው።»

ሰኞ

አልነገርኋትም። እንግዳ ነበረባት።

ማክሰኞ

አልነገርኋትም። ራሷን አሟት ነበር።

ረቡዕ

አልነገርኋትም። ምክንያት አልነበረኝም።

ሐሙስ

«ከሥራ ስመጣ ዕቃ ማሸግ እንጀምራለን» ባለችው መሠረት ልጄ ካርቶን ይዛ ገባች። መጽሐፎቼን ከመደርደሪያው እያወረደች አቧራቸውን ታራግፋለች። ያዘጋጀሁት ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ መግቢያም ነበረው። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጀልባዋን ውሃ አልሞላኋትም» አልሁ።

«መቼ?»

«ያኔ። ሲጠይቀኝ። እርግጥ ያልሁት አይቻታለሁ ነው እንጂ፣ ሞልቻታለሁ የሚል ቃል...»

«አባባ» አለች። «ሰዋስው አይንገሩኝ።»

የያዘችውን መጽሐፍ አስቀመጠች።

«እሱ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን ጀምሮ።»

ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች፤ ካርቶኑ በክብደቷ ጎበጠ። አላለቀሰችም። «ለምን?» አለች። ጃጁ እንዳይሉኝ ነው አልኋት። ስለ ሱቁ ነገርኋት፤ ስለ ማንቆርቆሪያውም፤ ከኋላዬ ስለምሰማው ኮቴም።

«ይኸው ነው?» አለች። «ለዚህ ነው? እኔ እኮ በልቤ ፈትቼዋለሁ አባባ። በየቀኑ ነው የፈታሁት። ሲበላ ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ሲያሳዝነኝ ደግሞ አባባ ዋሽተው አያውቁም እያልኩ ልቤን አደነድን ነበር።»

ይቅርታ አላልኋትም።

ከካርቶኑ ተነሣች። «ለኔ መንገርዎ ምን ያደርግለታል? እሱን የሰደቡት እዛ ነው። እዛ ይንገሩ።»

በሩን ክፍት ትታ ወጣች። መጽሐፎቼን መልሼ የደረደርሁት ራሴ ነኝ። ስለ ኪራይ ክፍሎቹ ከዚያ በኋላ አላነሣችም፤ አማቼ ዛሬ የት እንደሚያድርም አላውቅም። የማውቅበት መብትም የለኝም።

ቅዳሜ

ዓርብ ጀልባዋን እንደገና ሞልተን አየናት፤ አማቼና እኔ፣ ባለሱቋም ከዱካዋ ላይ። አላንጠባጠበችም። ኃላፊውም ወደ ውሃ እንድትገባ ፈቀደ። ዛሬ ጠዋት መሻገሪያው ላይ ታስራ ቆመች፤ የሚገባባት ግን አልተገኘም። ሰዉ ከአጠገቧ አልፎ ሌሎቹ ጀልባዎች ላይ ይሰለፋል። አማቼ ገመዱን ይዞ የትም እንደማያይ ሆኖ ቆሟል።

ሰልፉ ፊት ቆምሁ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። «የተከበራችሁ ተሳፋሪዎች» ብዬ ጀመርሁ፤ የአንዱ ጀልባ ሞተር ተነሣና ድምፄን ዋጠው። እስኪሄድ ጠብቄ እንደገና ጀመርሁ። ጀልባዋን የጠገንሁት እኔ መሆኔን፣ ሳልፈትሻት ፈትሼአታለሁ እንዳልሁ፣ ይህ ሰው አለመጠጣቱን፣ ድንጋይም አለመኖሩን ተናገርሁ። አንዳንዱ ሰማ። አንዳንዱ ልጁን ይጠራ ነበር። አንድ ጎረምሳ፣ «ሽማግሌው ምን ይላሉ?» ሲል ሌላው፣ «ስለ ጀልባ ነው» አለው። ሳምንታት ሙሉ ያቃጠለኝ ነገር እዚያ የወደቀው እንደዚህ ነው።

ሰፊዋ ክንዷን አጣምራ ትሰማኝ ነበር። ስጨርስ ቀረብ አለች።

«እሺ አባቴ። አሁንስ ታስገባለች አታስገባም?»

«አላውቅም» አልሁ። «ጓሮ ውስጥ ሞልተን አይተናታል፤ አላንጠባጠበችም። ሰው ተጭኖባት ግን አላየኋትም።»

አማቼ ገመዱን ሳብ አደረገና ጀልባዋን አስጠጋት። «ይግቡ አባባ» አለኝ። «አብረን እንያት።»

እኔ በዚህች ጀልባ ተሳፍሬ አላውቅም። ክርኔን ደግፎ አስገባኝ፤ አብረውን የመጡት ባለሱቋና የአማቼ የጋራዥ ባልደረቦችም ተከትለውኝ ገቡ። ከመሻገሪያው ራቅ አለና ዞረ። ሰዉ ከዳር ሆኖ ይመለከታል። ጎንበስ ብዬ መጋጠሚያውን በጣቴ ተከተልሁት። መካከሉ ደረቅ ነው። ወደ ኋላ፣ ሞተሩ ወዳለበት ስደርስ ጣቴ ረጠበ። አንድ ሪቬት ነው። ያንጠባጥባል ለማለት እንኳ አይበቃም፤ ያልባል። መሐረቤን ባሳርፍበት ማንም አያየውም ነበር። አማቼ እንኳ ፊት ፊቱን ነበር የሚያየው። እጄ ኪሴ ገብቶ መሐረቡን ይዞ እንደ ነበር አልሸሽግም።

ከዚያ ተነሥቼ ቆምሁና በቻልሁት ሁሉ ጮኽሁ፤ «ከኋላ በግራ በኩል አንድ ሪቬት ውሃ ያሳልፋል! ሌላው ደረቅ ነው!»

«ኧረ አባባ፣ ምነው አሁን!» አለ አማቼ፤ ግንባሩን በእጁ መታ። ቀጥሎ ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀ ነበር። ከዳር ጩኸት ተነሣ። ሰፊዋ ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ተሰማ፤ «እሷን አጥብቋትና ሰኞ እመጣለሁ! ልብሴን ግን ከፊት ነው የማስቀምጠው!»

ስንጠጋ ልጄን አየኋት። እመጣለሁ አላለችኝም ነበር። እስከ ውሃው ጠርዝ ወርዳ እጇን ዘረጋች። እኔም እጄን አነሣሁ። የዘረጋችው ግን ለባሏ ነበር፤ ገመዱን ይዞ ሲዘል ያዘችው፤ ከያዘችውም በኋላ አልለቀቀችውም።

ልክ ነው። እኔ ምርኩዜን ተደግፌ በራሴ ወረድሁ፤ አንድ እግሬ ውሃው ውስጥ ገባ። ጫማዬ መስኮቱ ሥር ነው፤ ገና አልደረቀም።